የአባይ አሻጋሪ
ያን ጊዜ የምኖረው ከደጀን እንግዶችን ወደ አባይ በረሃ እያወረድኩ ነበር። አንድ ቀን ወንዙ ዳር ስንዝናና፣ ድልድዩ ሳይሠራ መንገደኛ በዋና ያሻግሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ልብሳቸውን አውልቀው ውሃው ውስጥ ገቡ። "ኧረ አባቴ፣ ይወስድዎታል!" ብዬ ልይዛቸው ተከትዬ ዘለልኩ። መሀል ላይ ግን እግሬ መሬት አጣና እኔው መስመጥ ጀመርኩ።

"ትከሻዬን ያዝ! ውሃውን አትይ፣ ገደሉን እይ!" አሉኝ። ቀና ስል እኛ ቆመን ገደሉ በፀሐይ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሄድ መሰለኝ። ፍርሃቴ የት እንደገባ እንጃ። አሻግረው ሸዋ ዳር አውጥተውኝ፣ "በል መንገደኛ፣ በሰላም ግባ!" ብለው መረቁኝና እየዋኙ ተመለሱ። እኔም ዳገቱን ተያያዝኩት። ቤቴም እንግዶቼም ማዶ መሆናቸው ትዝ ያለኝ፣ ከኋላዬ "አንተ፣ ወዴት ነው?" የሚል ጩኸታቸውን ስሰማ ነው።