ያልተሰረዘው ስም

ቴፒ ውስጥ ሸማቾች ሱቅ በር ላይ ለስኳር ተሰልፈናል። ከፊቴ የቆሙት አሮጊት «ሚዛኑ እኮ ዜሮ ላይ አልቆመም!» ብለው ሻጩን ሲቆጡ፣ በድምፃቸው አወቅኳቸው። እትዬ ዘነበች ናቸው! በደርግ ዘመን በጦርነቱ ጊዜ ስኳር የሚገኘው በቀበሌ ካርድ ብቻ ነበር፤ ያኔ የኛ ቀበሌ ሱቅ መዛኝ እሳቸው ነበሩ። እኔ ወደ ግንባር ስወሰድ ካርዳችን ላይ ስሜ ተሰርዞ የቤተሰቡ ቁጥር ከሰባት ወደ ስድስት መውረድ ነበረበት። እናቴ «ስሙን አይሰርዙብኝ፣ የሞተ ይመስለኛል» ብላ ለመነቻቸው። እሳቸውም እስክሪብቶውን አስቀምጠው፣ «እሺ፣ ስሙን አልነካም። ስኳሩን ግን የምመዝንልሽ ለስድስት ነው» አሏት። እናቴ ይህን እስክትሞት ድረስ እየሳቀች ታወራው ነበር። ካርዱ ዛሬም እኔ ጋ አለ። አውጥቼ ባየሁት ቁጥር ያ ጠባብ ቤታችንና ሰባታችን የምንሻማበት ትሪ ይናፍቀኛል።

«እትዬ፣ የቡና ለቃሚዋ የአስካለ ልጅ ነኝ» አልኳቸው።

ዞር ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «የትኛው?»

«ያልተሰረዘው።»

ተራቸው ሲደርስ ክንዴን ይዘው ከፊታቸው አቆሙኝ። ከኋላ «ኧረ ወረፋ ይከበር!» የሚል ጩኸት ተነሳ። እትዬ ዘነበች ወደ ሰልፉ ዞረው፣ «ዝም በሉ! እሱ ከሁላችሁም በፊት ነው የተሰለፈው» አሉና ሻጩን አዘዙት፤ «በል፣ መጀመሪያ ለእሱ መዝንለት። ድርሻው እኔ ጋ ቆይቶበታል።»