ፈቃድ ያልተሰጠው አስተያየት

ነይ ግቢ ጎረቤት፣ እዚህች በርጩማ ላይ አረፍ በይ። የቀሚስሽ ዚፕ ደርሷል፤ ጫፉን ልቋጥርልሽና ይዘሽ ትሄጃለሽ። ደግሞ የዛሬው ፀሐይ! ታናሽ እህቴ ዝናብ ይጥላል ብላ ጋዜጣ ላይ አውጥታ ነበር፣ ተሳሳተች። ደግነቱ ደመና አይቀየምም…

አልሰማሽም እንዴ? ስለ ቲያትር መጻፉን ትታ የአየር ሁኔታ ክፍል ገባችልሽ። አንድ ትልቅ ደራሲ አሉ አሉ… ኧረ ከመጋረጃው ጀርባ ሱሪ የሚለኩትን ማለቴ አይደለም! እሳቸውማ ማታ መድረክ የሚወጡ የተከበሩ ደንበኛዬ ናቸው። የማወራሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። እኚያ ሰው ቲያትር ጻፉና፣ ያለ እኔ ፈቃድ ማንም አስተያየት እንዳያወጣበት ብለው ለየጋዜጣው አስታወቁ። ምን ክፋት አለው? ሰው በገዛ ልፋቱ አያዝም? ትኬት ለመግዛት ግን ፈቃድ አያስፈልግም። ቸርነታቸውን እዪልኝ።

እህቴ ታዲያ አይታ ጻፈች። አለቃዋ ሂጂና አስፈቅጂ አላት፣ ሄደች። እንዴት ያለ ትሕትና መሰለሽ! ወንበር ስበው አስቀመጧት፣ እስክሪብቷቸውን አውጥተው በገዛ እጃቸው አረሙላት። «ሁለተኛው ክፍል ረዝሟል» ያለችውን «ጥልቅ ነው» አደረጉት። «ተመልካቹ አንቀላፋ» ያለችውን ደግሞ «ተመልካቹ ዓይኑን ጨፍኖ በጥሞና ተከታተለ» አሉት። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል? ደራሲውም፣ ሐያሲውም፣ አጨብጫቢውም ራሳቸው… ለሌላ ሰው ድካም አያተርፉም።

እሷ ደግሞ ግትር ናት፣ ባልጻፍኩት ላይ ስሜ አይወጣም አለች። አለቃዋም ወደ ደመናው ሰደዳት። ትናንት እዚች የስፌት ማሽን ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አንጀቴ አረረ። ከልጅነቷ ጀምሮ የተመኘችው ሥራ ነበር። ግን ቅያሜ የለኝም… በማን እቀየማለሁ?

እዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ሲስሉ ሰማሽ? ብርድ መቷቸው ይሆናል። መስኮቱን ልዝጋላቸው መሰለኝ።

እኔም ከዚያ ወዲህ አደብ ገዛሁ። ባለፈው እኚህ ደንበኛዬ ሱሪውን ሲሞክሩት፣ ከኋላ ጠቦዎታል፣ ስፌቱን ትንሽ ልልቀቀው ብላቸው፣ «አስተያየትሽን ማን ጠየቀሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ማን ጠየቀኝ? ኮቱንም አሳጥሪው አሉኝ፣ አሳጠርኩት።

ጠጋ በይማ፣ ድምፄን ዝቅ ላድርግ… ቅድም ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ ሲሉ ተርርር የሚል ነገር አልሰማሽም? እኔ ሰማሁ። በመጋረጃው ክፍተት ደግሞ አየሁ… ቀይ ነጠብጣብ ያለበት የውስጥ ሱሪ ለካ እንዲህ ያምራል! ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ይሄስ አስተያየት አይደለም? ማንን አስፈቅጄ? መስታወቱ እንኳ የሚያሳያቸው ፊት ለፊታቸውን ብቻ ነው፣ እሱም ሥርዓት ያውቃል።

እሽሽ… ወጡ። ተነሽ እንጂ፣ መንገድ ልቀቂላቸው። አምሮብዎታል ማለት ይፈቀድ ይሆን? ተይው፣ እሱም አስተያየት ነው… ምርቃት ግን መቼም ፈቃድ አይጠየቅበትም። አሜን እያልሽ ተቀበይኝ፣ ጎረቤት።

ጋሼ፣ ሞገስ ያልብስዎ። ማታ ለሕዝቡ እጅ ነስተው ወደ ተዋንያኑ ዞር ሲሉ ጭብጨባው አያባራ፣ ደጋግመው ጎንበስ የሚሉበት ይሁን። ከፊትም ከኋላም አይቶ የሚጠግብዎ አይገኝ። ያለ ፈቃድዎም አንድ ሰው እንኳ ቃል አይተንፍስ።