ቅቤ ተቀብተው የተነሡት ፎቶ

«በእኛ ጊዜ ጡንቻ የተሸካሚ ነበር፤ የጨዋ ልጅ ደረቱን ገልጦ ማን ያየዋል?» አሉኝ ጋሽ ታደሰ፣ ዓይናቸውን ከቲቪው ሳይነቅሉ። በስደት አገር፣ ዌስተን በሚባለው ሰፈር እቤታቸው ነበርን፤ ልጃቸው ሳራ ሥራ ስትሄድ እኔ ጎረቤታቸው ሕፃን ልጄን አዝዬ እየመጣሁ አብሬያቸው እውላለሁ። ፊልሙ ስለ ድሮ የፈረንጅ የጡንቻ መጽሔቶች ነው፤ ግማሹን አክተሮች ይሠሩታል፣ በመሃል ደግሞ ያኔ ፎቶ የተነሡት ሰዎች፣ አሁን ሽማግሌ ሆነው፣ ራሳቸው ይናገራሉ።

«ታዲያ ጓደኛዬ ማሞ ፈረንጅ ቤት ይሠራ ነበርና እንዲህ ያለ መጽሔት ይዞ መጣ፤ እና ገለጥነው፣ ወይ ጉድ! ሰውነታቸው እንደ መስታወት ያበራል። "ምን ተቀብተው ነው?" ብዬ ብጠይቀው "ቅባት ነዋ!" አለኝ። እኛ ቅባት የምናውቀው ምን አለ? ትሰሚኛለሽ? እናቴ ለፀጉሯ ያስቀመጠችውን ለጋ ቅቤ! ታዲያ ተለቅልቀን፣ በቁምጣ ፎቶ ቤት ገባን፤ እና ፎቶ አንሺው አፍንጫውን ይዞ "እናንተ ልጆች፣ ፎቶ ልትነሡ ነው ሹሩባ ልትሠሩ?" አይለን መሰለሽ! መብራቱ ሲበራ ቅቤው ቀለጠ፣ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ዝንቡ ደግሞ ወረረን። ማሞ "አትንቀሳቀስ! አትንቀሳቀስ!" ይለኛል፣ ዝንብ ከንፈሩ ላይ ቁጭ ብሎ!»

ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸው ተቋረጠ። ፊልሙ ላይ ፖሊሶች የፎቶ አንሺውን በር ሰብረው ገቡ፤ ወንድ ወንድን የሚያይበት ነውር ነው ብለው ፎቶዎቹን በርሜል ውስጥ አቃጠሉ፤ ሰውዬውንም አስረው ወሰዱት።

«ምን በደሉ?» አሉ። ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሡ። ካፖርታቸውን አውርደው የውስጥ ኪሱን ዳበሱ።

ይኼኔ ሳራ ሺፍቷ ቶሎ አልቆ ከምትሠራበት ሰፈር፣ ከኢቶቢኮ መጣች።

«አባዬ! ራቁታቸውን ነው እንዴ? በኢየሱስ ስም! ሕፃን ባለበት! ኦፍ አድርጊው!»

አጠፋሁት።

«ሰውዬው ይፈታ አይፈታ ሳናየው?» ቢሏትም አልሰማቻቸውም፤ ጓዳ ገባች። ጋሽ ታደሰ ጠጋ ብለው ከኪሳቸው አንዲት የተጨማደደች ፎቶ አወጡና ሕፃኑን ባዘልኩበት ነጠላ ውስጥ ሸጎጧት።

«እሷ ካገኘቻት ትቀድዳታለች። ያዢልኝ፣ የኔ ልጅ። ማሞም የለ፤ ያ ቀን የቀረው እዚህች ላይ ብቻ ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

«እንዳትጥይብኝ።»

«አልጥልም።»

«ሕፃኑ እንዳይቀድዳትም!»

ጋሽ ታደሰ ያረፉ ጊዜ ሳራ ለለቅሶው የሚቀመጥ ፎቶ መረጠች፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አንቋቸው የተነሡትን። ፍሬም ውስጥ እንዳስገባው ለእኔ ሰጠችኝ። አስገባሁት። ከጀርባው ደግሞ ሁለቱን ቅቤ የተቀቡ ልጆች አስተኝቼ፣ ክዳኑን ገጠምኩና ጠረጴዛው ላይ አቆምኩላቸው።