የጋሽ አለ የመጨረሻ መልስ

ወንድማችንን ልትሸኙልን የመጣችሁ ወዳጆች ሁሉ፣ እግዜር ያክብርልን። ይህን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የታዘዝሁት እኔ ታናሽ ወንድማቸው ስሆን፣ እንኳን ወረቀት ራሴንም ቀጥ አድርጌ መያዝ ያቃተኝ ሽማግሌ ነኝና ድምፄ ቢሰበር ታገሡኝ።

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ አለ» እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በኩር ሆነው ተወለዱ። አባታችን ሥራ ላይ ወድቀው አልጋ ሲይዙ ትምህርታቸውን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠው፣ እኛን ታናናሾቻቸውን ለማሳደግ በአንድ የጭነት መኪና ድርጅት የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ተቀጠሩ፤ የቀረውንም በማታ ትምህርት ጨረሱ።

በመጋዘኑ መስኮት አንድ ልማድ ነበራቸው። የተጠየቁት ዕቃ ካለ ከተቀመጡበት «አለ» ይላሉ፤ የሌለ ሲመስላቸው ግን ተነሥተው፣ መሰላል ወጥተው፣ መደርደሪያውን በእጃቸው ዳብሰው ካልተመለሱ በቀር «የለም» የሚለው ቃል ከአፋቸው አይወጣም ነበር። እሳቸው እስኪወርዱ ጢም እናበቅላለን እያሉ የሚያሾፉት ሾፌሮች ናቸው ይህን ስም ያወጡላቸው። ባለቤታቸውም በወጣትነታቸው የስፌት መኪና ቀበቶ ፍለጋ ተሳስተው እዚያ መጋዘን ሲገቡ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ በሸኛቸው ነበር፤ ወንድማችን ግን መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አስሰው «የለም» ካሉ በኋላ ከገበያ ገዝተው ቤታቸው ድረስ ወሰዱላቸው። ቀበቶው ልኩ አልነበረም፤ ጋብቻው ግን ልክ ሆኖ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው በፍቅር ኖሩ።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ርቀው አያውቁም፤ አልጋ የያዙ አረጋውያንንም ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቁ ነበር። ከዚህ ወዲያ ተስፋ አለ ወይ ብሎ ለሚጠይቃቸው፣ ብሎን የተጠየቁ ያህል ቀለል አድርገው «አለ» ይሉታል፤ ዕቃው ቢያረጅ ሠሪው አላረጀም፣ መልሶ ይሠራዋል እያሉም ያጽናኑታል። እኔ ግን ጥርሳቸው ሲረግፍ፣ ጆሯቸው ሲከብድ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ እየተቀመጡ ሲወጡ እያየሁ፣ እግዚአብሔር ወዳጁን የሚጦረው እንዲህ ነው ወይ ብዬ እበሳጭ ነበር፤ እሳቸውም አንተ ከሕፃንነትህ ጀምሮ ነጭናጫ ነህ እያሉ ይስቁብኛል።

ኋላ ግን ደም በጭንቅላታቸው ፈስሶ ግማሽ አካላቸውን ያዘ፤ አንደበታቸውንም ዘጋው። ከቃላት ሁሉ የተረፈቻቸው «አለ» ብቻ ሆነች። ውሃ ጥም አለ ወይ ሲሏቸው አለ፤ ሕመም አለ ወይ ሲሏቸው አለ፤ ልጃቸው እኔ ማን ነኝ አባዬ ብላ ስታለቅስም አለ። ካህኑ ተስፋ አለ አይደለም ወይ ብለው ሲጠይቁ አለ ቢሉ፣ ቤተሰቡ በደስታ አነባ፤ እኔ ግን ይህ የወንድሜ እምነት ይሁን ከተሰበረ ዕቃ የቀረ ስባሪ መለየት አቃተኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ባለቤታቸው እግራቸውን እያሹ ሕመም አለ ወይ ሲሏቸው፣ እኔም ሳላስተውል ከራስጌያቸው በኩል፣ በዚያችው ቅጽበት፣ ጋሼ ተስፋ አለ ወይ አልኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩና፣ አይመልሱም ብለን ስንተወው ገለጥ አድርገው «የለም» አሉ። ባለቤታቸው መዝሙር ሲጀምሩ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ እየዘመሩ ይሁን ትንፋሽ አጥሯቸው አላውቅም። መዝሙሩ ሳያልቅ አረፉ።

ባለቤታቸው «መልሱ ለእኔ ጥያቄ ነው፣ ሕመሙ ለቅቋቸዋል» ብለው ልባቸውን አሳርፈዋል፤ ልጆቹም አምነዋቸዋል፤ ደግ አደረጉ። እኔ ግን ወንድሜን አውቃቸዋለሁ፤ ሳይፈልጉ የለም አይሉም። ታዲያ ፈልገው ያጡት ሕመሙን ነው ወይስ ተስፋውን? ይህ በአስከሬን ፊት ይነበባል ወይ የምትሉ ተቆጡኝ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ተራው የእኔ ነው፤ ፈርቻለሁም። ስፈራ የምሄደው ደግሞ እሳቸው ዘንድ ነበር።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ይህን ነጭናጫ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ጌታ ሆይ፣ የደከመውን የአገልጋይህን ነፍስ በቅዱሳንህ መካከል አሳርፍልን፤ ለባለቤታቸው ያመኑትን አጽናላቸው፤ ለልጆቻቸው ብርታት ስጣቸው። እኔም ወንድሜን የጠየቅሁትን እነሆ አንተን እጠይቅሃለሁና፣ እባክህ ዝም አትበለኝ። አሜን።