የሥጋ ቤቷ ጭልፊት

ፎቶ ማንሳት ገና መጀመሬ ነው። ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ከጋሽ ወርቁ ሥጋ ቤት ጣሪያ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ጭልፊት አለች። ቁልቁል ስትወረወር ካላነሳኋት ብዬ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት እጠብቃታለሁ፤ ሁሌም ትቀድመኛለች። አንድ ቀን ጋሽ ወርቁ ቢላቸውን እንደያዙ ወጡ። «አንቺ ልጅ፣ ቤቴን በየቀኑ የምታነሺው ከየትኛው መሥሪያ ቤት ተልከሽ ነው?» አሉኝ። ደነገጥኩ። «ኧረ ጋሼ፣ ጭልፊቷን ነው!» ብዬ ያነሳሁትን አሳየኋቸው፤ ግማሽ ክንፍ፣ ባዶ ሰማይ፣ የደበዘዘ ጭራ።

ሳቃቸው መጣ። «ይቺን ሌባ? እኔ ሳባርራት አንቺ ትለማመጫታለሽ?» አሉና ገብተው ቁራጭ ሥጋ ይዘው ተመለሱ። «በይ ተዘጋጂ!» ብለው ወደ ላይ ወረወሩት። ጭልፊቷ ተምዘግዝጋ መጥታ ቀለበችው፤ እኔም የካሜራዬን ቁልፍ ተጫንኩ። ጎንበስ ብለን ፎቶውን ስናይ የወጣው የእሳቸው እጅ ብቻ ነው። አንገቴን ደፋሁ፤ ግን «ነገም እመጣለሁ» አልኳቸው። እሳቸውም ወደ ሥራቸው ገቡ። በማግስቱ ስደርስ በር ላይ ቆመው ጣሪያውን ያያሉ። ከሩቅ አይተውኝ በእጃቸው ጠሩኝ፤ «ቶሎ በይ እንጂ፣ መጥታለች!»