ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ

የተከበራችሁ የሃርገት ምሽግ ባልደረቦች፣ ሚስተር ቲግን ዛሬ በጡረታ ከመሸኘታችን በፊት አንድ ኃጢአት ልናዘዝ። እዚህ ከኋላዬ በቆመው የታሪክ ሰሌዳ ጀርባ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ማስቲካ ስትለጥፍ የኖረችው እኔ ቴሳ ነኝ። ሚስተር ቲግ በየማለዳው በቢላዋ እየፋቁ ሲያጉረመርሙ፣ «የዘንድሮ ጎብኚ ምግባር የለውም!» ብዬ አብሬ ያማሁትም እኔው ነኝ።

እሳቸው እዚህ በተቀጠሩበት ቀን እኔ ገና አልተወለድኩም፤ ግን አርባ ጊዜ ስለነገሩኝ ያየሁት ያህል ነው። ከመኪናቸው ወረዱ፣ በሩን አልፈው ቀጥ ብለው በቆሎ ማሳ ውስጥ ገቡ። ዘበኛው «ሰውዬ! ምሽጉ ከኋላህ ነው!» ብሎ ጮኸ። ዞር ብለው የምሽጉን የግንድ አጥር ገላመጡና «ይሄ? ይሄማ በዕድሜ ከጫማዬ ያንሳል!» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ሰሌዳው «ምሽጉ እዚህ ነበር» ይላል። እዚህ የተተከለው ግን መኪና ለማቆም ስለሚመች ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ የከተማችን ሽማግሌዎች ሰሌዳውን አምነው ምሽጉን አጠገቡ መልሰው ሠሩት። አንድ ሰው እንኳ «ቆይ፣ እስቲ እንቆፍር» አላለም! በጥንቱ ጦርነት የተቃጠለው የእውነተኛው ምሽግ ጥቁር አፈር ማሳው በታረሰ ቁጥር ብቅ ይላል፣ ከዚህ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ርቆ። ሚስተር ቲግ ይህን ለሠላሳ አንድ ዓመት ለጎብኚ ሁሉ ሲናገሩ ኖሩ። አለቃችን ሚስስ ክሮፍት «ኧረ ኦሪን፣ ቢያንስ ትኬት ከቆረጡ በኋላ ንገራቸው!» እያሉ በስማቸው ጠርተው ሲለምኗቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔ ግትርነት ይመስለኝ ነበር። ለጎብኚ የምንለብሰውን የጥንት ዘመን ቀሚስ ለብሼ ቺፕስ ስበላ ይዘውኝ፣ «በዚያ ዘመን ቺፕስ የለም» ብለው ነጥቀው ራሳቸው የጨረሱት ሰውዬ ናቸዋ!

ባለፈው ሐምሌ ግን ከሾኒ፣ ከዚህ ምድር የጥንት ባለቤቶች ነገድ፣ አንዲት አዛውንት መጡ። «ያባቴ ቅድመ አያቶች የሞቱት እዚህ ነው?» አሉ። እኔ ሰሌዳውን ልጠቁም እጄን አንስቼ ነበር። ሚስተር ቲግ ባርኔጣቸውን አውልቀው «አይደለም እመቤቴ፤ ይምጡ» አሉ። ያንን የሚያማቸውን ጉልበት እየጎተቱ፣ ወንበር ተሸክመው፣ በጭቃው ወሰዷቸው። ሴትዮዋ እዚያ ብዙ ተቀመጡ። እሳቸው ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ፤ አንድም ጎብኚ አላሳለፉም። ምሳ እንኳ አልበሉም። ላየሁት ነገር አመሰግንዎታለሁ፣ ሚስተር ቲግ።

ትናንት ሰሌዳውን እየፋቁ «እንግዲህ ማን ይነግራቸዋል?» ሲሉ ሰማሁ። ለኔ አልነበረም፤ ግን ሰማሁ። እኔ እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ሄጄ ለክቼዋለሁ፤ በኔ እግር ሁለት መቶ ሠላሳ ይሆናል። ሚስስ ክሮፍት፣ አያፍጥጡብኝ! ትኬት ከቆረጡ በኋላ ነው።

በሉ የፖም ጭማቂያችሁን አንሡ! ሚስተር ቲግ፣ ጉልበትዎ ይጽና፤ የሚያጠምዱት ዓሣ ሁሉ እርስዎ የሚያወሩትን ያህል ይትለቅ! ለሚስተር ቲግ! እኔም ልጠጣ፤ እስቲ መጀመሪያ ይቺን ማስቲካ ማንም ሳያይ እዚህች ጋ…

«ቴሳ!»