ለወንዶቹ ጃኬት፣ ለሴቶቹ ሽርጥ

ጋሽ ሊቀመንበር ያን ጠዋት ወደ ሱቄ የመጡት ጃኬታቸውን ሊለኩ እንጂ ከማንም ጋር ሊከራከሩ አልነበረም። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሥራዬ ጨርቅን ከጨርቅ ማጋጠም ነው እንጂ ሰውን ከሰው ማጋጠም አይደለም። ግን ሁለቱን እጅጌዎች በስፒል ወጥሬ፣ እጃቸውን ግራና ቀኝ አስዘርግቼ ባቆምኳቸው ሰዓት በሩን ከፍታ የገባችው የወንድማቸው ልጅ ሆነች። በእጇ ሰማያዊ የወጥ ቤት ሽርጥ ይዛለች። አያያዟ የልብስ አያያዝ አልነበረም፤ በጅራቱ እንደተያዘ አይጥ ነው ያንጠለጠለችው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ከከተማችን ፊት ለፊት፣ ጥቂት በጀልባ ተሂዶ የሚደረስበት ደሴት አለ። ሌላ ቦታ እምብዛም የማይታዩ ነጫጭ ወፎች በየዓመቱ እየመጡ አሸዋው ላይ ይፈለፍላሉ። ጎጆ መሥራት የሚባል ነገር አያውቁም፤ አሸዋውን በደረታቸው ጎድጎድ ያደርጉና እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያው ነው። ወፎቹ እየተመናመኑ ሲሄዱ የጥበቃ ፕሮጀክት ተቋቋመ፣ ኮሚቴ ተመረጠ። የኮሚቴው አባላት በሙሉ ወንዶች ነበሩ። ሊቀመንበሩ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ የጀልባ መካኒክ ናቸው። ሹመቱን ካገኙ ወዲህ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ባለቤታቸው እንኳ «ሊቀመንበር፣ ምሳ ቀርቧል» ነው የሚሏቸው።

ልጅቷ ደግሞ የዱር እንስሳት ጥበቃ ኮሌጅ ገብታ የተማረች፣ ባለፈው ዓመት ደሴቱ ላይ በጊዜያዊነት የሠራች ናት። ለቋሚ ጠባቂነት ፈተና ሲሰጥ አንደኛ ወጣች። ኮሚቴው ግን ጠባቂነቱን ሁለተኛ ለወጣው ወጣት ሰጥቶ እሷን ወጥ ቤት መደባት። ውሳኔው የሚጸድቀው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። የደንብ ልብሱን የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ለወንዶቹ ጃኬት፣ ለሴቶቹ ሽርጥ።

«እንደምን አደሩ፣ አጎቴ?» አለች፤ ሰላምታዋ ከነክብሩ ነው። «ይህን የአንቺ ነው ብለው ሰጡኝ። ተሳስተው ይሆን?»

«አልተሳሳቱም፣ ልጄ። ጥሩ ጨርቅ ነው፤ እሱም ይመስክር» አሉ በአገጫቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ። እጃቸውን ማንሳት አይችሉማ።

«ጨርቁስ ጥሩ ነው» አልኩ። ስለ ጨርቁ ነው የተጠየቅኩት።

«አጎቴ፣ ፈተናውን አንደኛ የወጣው ማነው?»

«አንቺ ነሽ። መች ካድኩ? ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳወራ አይደል የከረምኩት!»

«እንዲህ የሚኮሩብኝ ከሆነ ታዲያ ምነው ድስት ሥር ጣሉኝ?»

«ለአንቺው ብዬ ነው። ጠባቂ ደሴቱ ላይ ያድራል። ያለን ክፍል አንድ ነው። ከወንዶች ጋር ላሳድርሽ? ወንድሜ ነፍሱን ይማረውና፣ ቢኖር ምን ይለኝ ነበር?»

«ከክፍሉ ጎን ያለው የቆርቆሮ ቤትስ?»

«እሱማ የጄኔሬተሩ ነው። ዝናብ እንዳይመታው ብለን…»

ልጅቷ ደሟ ፈላ። «ለጄኔሬተሩ ከነቁልፉ የራሱ ቤት ሠራችሁለት! ለሰው ሲሆን ቆርቆሮው አለቀ፣ ሚስማሩ አለቀ፣ ያልተነካችው የእኔ ክብር ብቻ ናት! አጎቴ፣ ክብሬን ለመጠበቅ ከሆነ ግድግዳ ይበቃኛል። ሽርጥ ምን ያደርግልኛል?»

አፌ ውስጥ ስፒል ባልይዝ ኖሮ ሳቄ ያመልጠኝ ነበር።

«አትሳለቂ፤ ሞተር ነው፣ ውድ ዕቃ ነው።»

«እኔስ ርካሽ ነኝ?»

ጋሽ ሊቀመንበር እጃቸውን ሊያወናጭፉ ሲሉ ስፒል ብብታቸውን ወጋቸው። «ኧረ ቀስ!» ብለው እኔ ላይ ጮኹብኝ። እኔ አልነካኋቸውም፤ የተበሳጨ ሰው ግን ቅርብ ያለውን መውቀሱ ያለ ነው።

«ደግሞም» አሉ ትንሽ ረጋ ብለው፣ «ያ ልጅ ሊያገባ ነው። ነገ ቤተሰብ ያስተዳድራል።»

«እኔስ እናቴን ዛሬ አላስተዳድርም? እሱ ገና ላላገባት ሚስት ታሰበለት፤ የእኔ እናት ግን በሕይወት ያለች፣ የምትበላ ሴት ናት!»

«ሥራው ጉልበት ይጠይቃል፣ ልጄ።»

«አምና ጀልባዋ አሸዋ ውስጥ ስትቀረቀር ገፍተን ያወጣናት እኛ አይደለንም?»

«አራት ሆናችሁ ነው እንጂ ብቻሽን ነው?»

«ወንዶቹስ ብቻቸውን ነው? አራት ሆነን ገፋን፤ ሦስቱ ጃኬት ለበሱ፣ እኔ ሽርጥ ተሰጠኝ!»

እውነቴን ነው፣ እኔ ትምህርቴ እምብዛም ነው፤ ለዚህ መልስ ግን የተማረ ሰውም ቢሆን የሚያገኝ አይመስለኝም። ጋሽ ሊቀመንበርም እንደ ልማዳቸው ወደ ትልቁ ጉዳይ ዘለሉ።

«አሁን ስለ ልብስ የምንጨቃጨቅበት ጊዜ ነው? እንቁላሉ እያለቀ ነው! በየቀኑ ተሰባብሮ ይገኛል። ከጀልባ ላይ ያመለጠ ድመት ገብቷል፤ ወጥመድ ብናስቀምጥ ወጥመድ አይገባ፣ ሰው በዱላ ብናሰማራ አይገኝ…»

«ድመቱን ያየው ሰው አለ?»

«ድመት ሥራውን ሠርቶ ይሄዳል እንጂ ቆሞ ይጠብቅሻል?»

ይህን ሲሉ ነው ባለቤታቸው የገቡት። ማጭዳቸውንና የገመድ ጥቅልላቸውን ይዘዋል። ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ደሴቱ ላይ ሸንበቆ አጭደው፣ ምንጣፍና ቅርጫት እየሠሩ የሚሸጡ ሴት ናቸው። «ሊቀመንበር፣ መነጽርህን ረስተህ ወጣህ» አሉና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱላቸው። ከዚያ ለእኔ ሰላምታ ሰጥተው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዘወር አሉ።

«ግን ድመቱን ተወው። ድመት የለም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ? እንቁላሉ ካለበት ምን አደረሰሽ?»

«በየት ልለፍ ታዲያ? የሸንበቆውን መንገድ አጥረኸው የለ እንዴ?»

አጥሩን አውቀዋለሁ፤ ሰው ወደ ወፎቹ እንዳይደርስ ተብሎ ዘንድሮ የታጠረ፣ ጋሽ ሊቀመንበር ራሳቸው ምሰሶውን የተከሉት፣ ሲመረቅ ፎቶ የተነሡበት አጥር ነው።

«ያ መንገድ ከወፎቹ በሩቁ ነበር የሚያልፈው» አሉ ባለቤታቸው። «ሲዘጋብን በአሸዋው መዞር ጀመርን። ሸክም ራሳችን ላይ ነው፤ እግራችን ሥር ያለው አይታየን። እንቁላሉም መልኩ የአሸዋ ነው። አንድ ቀን ከጫማዬ ሥር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ያን ማታ እራት አልበላ ስል ያመመኝ መስሎህ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ ጋሽ ሊቀመንበር።

«ልነግርህ አፌን ስከፍት ስለ ድመቱ እያወራህ ነበር።»

ባለቤታቸው አልጨረሱም፤ ሰላማዊ ሴት ናቸው፣ እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። «ደግሞ ለኮሚቴው እንንገር ብለን መጥተን ነበር። ስብሰባችሁ ሁልጊዜ እኛ ዓሣ በምናጸዳበት ሰዓት ነው፤ ሥራችንን ጥለን መጣን። በር ላይ ያለው ሰውዬ ‹አዳራሹ ተጠርጓል፣ ሌላ ቀን ኑ› ብሎ መለሰን። ሊጠርጉ የመጡ መሰልነው!»

«አጎቴ፣» አለች ልጅቷ፣ ሽርጡን ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጠች፣ «አጥሩ ከታጠረ ወዲህ እኔን ደሴቱ ላይ አላስረገጣችሁኝም፤ እኔም አላወቅኩም። ብኖር ግን ከእነሱ ጋር ወርጄ አየው ነበር። ሴቶቹ ደሴቱን በየቀኑ ይረግጡታል፤ ስለ ደሴቱ ሲወሰን ግን አንዲትም ሴት የለችም። ይህ ለሴት በደል ነው፤ እሱንስ ለምደነዋል። ለወፎቹም በደል ነው፤ እነሱ ግን ምን አጠፉ?»

ሽማግሌው በተወጠረ ጃኬታቸው ወንበሬ ላይ ቁጭ አሉ። ቢያንስ ሦስት ስፒል ወግቷቸዋል፤ አንዱንም አልቆጠሩብኝም። «ያን ምሰሶ በእጄ ነው የተከልኩት» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «አውልቅልኝ። ይህን ጃኬት ለእሷ አሳጥረው» አሉኝ።

«የእርስዎን አልፈልግም፣ አጎቴ» አለች ልጅቷ። «የሚገባኝን ነው የምፈልገው፤ በልኬ የተሰፋ። ሸንበቆ የሚያጭዱት ሴቶችም ከመካከላቸው መርጠው ኮሚቴው ውስጥ ይግቡ። ይህ ካልሆነ እኔ ጃኬት ለብሼ ብቻዬን ብቆም ለፎቶ ነው።»

«እሺ» አሉ።

«‹እሺ› ሱቅ ውስጥ ቀላል ነው» አሉ ባለቤታቸው። «ስብሰባው ላይ እንሰማሃለን።»

ሰሙም። የቀረውን የደንብ ልብስ ላደርስ ሄጄ ስለነበር እኔም ሰምቻለሁ። ከአባላቱ አንዱ «ሴቶቹ ገብተው ምን ይጨምሩልናል?» ብሎ ሲጠይቅ ጋሽ ሊቀመንበር ብድግ አሉ። «የሌለ ድመት ስናሳድድ ከረምን!» አሉ። «እንቁላሉን የሰበርነው እኛ ነን፣ በአጥራችን፣ ባለመጠየቃችን! ሚስቴ እያወቀች እኔ ሳላውቅ ስሰበስባችሁ ከረምኩ፤ ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ምን አለ?» ሰውየው አንገቱን ደፋ። የበር ጠባቂውም ደፋ።

አጥሩ ተነቅሎ ወፎቹ ባሉበት አሸዋ ዙሪያ ተተከለ፤ የሸንበቆው መንገድ ተከፈተ። የስብሰባው ሰዓት ተቀየረ። ሴቶቹ ሦስት ተወካይ መረጡ፤ አንዷ የሊቀመንበር ባለቤት ናቸው። ጄኔሬተሩ ከውጭ ዳስ ተሠራለትና ቤቱን ለሴት ጠባቂዎች ለቀቀ፤ እስካሁን ሲያኮርፍ አልታየም። ልጅቷ በፈተናዋ ጠባቂ ሆነች፤ ያ ወጣት የእሷን ጊዜያዊ ቦታ ያዘ፣ ሠርጉም አልቀረም። ሴቶቹ ሸንበቆ ሲያጭዱ ያዩትን ለእሷ ይነግራሉ፤ ድሮ ጠባቂዎቹ ዘግይተው ይደርሱበት የነበረው ነገር አሁን በዕለቱ ይታወቃል። ዘንድሮ ጫጩቶቹ አሸዋው ላይ ሲሯሯጡ በጀልባ ወስደው አሳይተውኛል። ይህን ሁሉ ለማግኘት የወጣው ምን ነበር? ጥቂት ቆርቆሮና አንድ ጥያቄ።

ሽርጦቹስ? ምግብ ማብሰሉ በተራ ሆነና ባለተራው ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ የኮሚቴ አባልም ሳይቀር ይለብሳቸዋል። ባለፈው ሳምንት በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ሊቀመንበር ናቸው፤ ሰማያዊውን ሽርጥ ብብታቸው ሥር ሸሽገዋል።

«ነገ ተራዬ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማሰሪያው ሆዴን አልዞር አለ።»

አዙሬ አቆምኳቸው፣ ከወገባቸው ላይ ጨርቅ ቀጠልኩበት። በነገሩ እየሳቅኩ ስፒል ስሰካ፣ በዚህኛው ጊዜ በእርግጥ የወጋኋቸው እኔ ነኝ።

«ኧረ ቀስ!» አሉ።